እየጠራ ነው

አልአዛር፦ ወደ ግራ አልኩህ፤ ሁለት ጣት።

ሙሴ፦ ሁለት ጣት ነው የገፋሁት።

አልአዛር፦ ሦስት ነው የገፋኸው።

ሙሴ፦ በማን ጣት?

አልአዛር፦ በማን ጣት ማለት ምን ማለት ነው? በሰው ጣት።

ሙሴ፦ የኔ ጣት ወፍራም ነው። ባንተ ሲለካ ሦስት ሳይሆን አይቀርም።

(ሙሴ ከነወንበሩ ብድግ ብሎ አንዲት ጣት ያህል ይመለሳል።)

አልአዛር፦ እዚያ። በቃ። አሁን እንዳትነቃነቅ፤ አንገትህንም አታዙር።

ሙሴ፦ መተንፈስስ?

አልአዛር፦ በልኩ።

ነገሩ የሆነው በሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ወንበሩ ያለበት ክፍል የአልአዛር ቤት የኋለኛው ክፍል ነው። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ ከላይ እስከ ታች ስፖንጅ ለብሷል። ከወንበሩ ፊት ለፊት ሰው የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል፤ በመካከላቸው ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ብዙም የማይተልቅ ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል። አልአዛር እጁን ሳይታጠብ ይህን ሳጥን አይነካውም።

አልአዛር የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ጥቁሩ ሳጥን በሁለት ዓመት ውስጥ ያስመጣው ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ሲመጣ ለጥቂት ወራት ደስ አለውና ከዚያ ድምፁ የደበዘዘ መሰለው። በእሱ ቦታ ከበፊቱ የሚሻል፣ ዋጋውም እጥፍ የሆነ ሁለተኛ አስመጣ፤ እሱም ደበዘዘ። ሦስተኛው ከመጣ ገና አራት ወሩ ነው፤ ይኸው ደግሞ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስል ታፍኗል። ስለዚህ አራተኛውን ለማዘዝ ቆርጧል። ለዚህም የቤተሰቡን መኪና ለመሸጥ ሰኢድ ከሚባል የአላባ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ፣ የቀረው መፈራረም ብቻ ነው።

የቀረው መፈራረም ብቻ ነው እንበል እንጂ ሚስቱ ጽጌሬዳም አለች። ሙሴን ዛሬ የጠራው ለዚህ ነው። ሙሴ የጽጌሬዳ ወንድም ነው፤ ቡሹሎ ባለው ጤና ጣቢያ በነርስነት ሲሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። ወንድሟ መጥቶ፣ አዳምጦ፣ «አዎ፣ ይሄ ሳጥን ይጎድለዋል» ካለላት የመኪናው ነገር አለቀ።

አልአዛር ሙሴን ይወደዋል፤ ግን ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው ብሎ ካመነ ቆይቷል። ሙሴ ሲጠየቅ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ በዝግታ ይመልሳል፤ ፊት ለፊት ካላዩት ደግሞ ምን እንዳለ አይለይም፣ ያጉተመትማል። ለነገሩ ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚያጉተመትመው ሙሴ ብቻ አይደለም። ሱቅ የሚመጡት ደንበኞች ያጉተመትማሉ። ቸርች ውስጥ ፓስተሩ ማይክ ጨብጦ ያጉተመትማል። ጽጌሬዳማ ከናካቴው አኩርፋለች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። አልአዛር ነገሩን ሲያስበው የኑሮ ውድነቱ የሰውን ጉልበት ጨርሶት ነው ይላል።

(አልአዛር መደርደሪያው ላይ ያለውን ታብሌት ይነካል። የክራር ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ሙሴ ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል።)

አልአዛር፦ ምን ይሰማሃል?

ሙሴ፦ ክራር።

አልአዛር፦ ክራሩንማ ማንም ይሰማዋል። ከክራሩ ጀርባስ?

ሙሴ፦ (አሻግሮ አይቶ) ግድግዳ።

አልአዛር፦ ሙሴ፣ በዓይንህ አይደለም። ጨፍን።

ሙሴ፦ (ጨፍኖ) ቴፕህ ጥሩ ነው።

አልአዛር፦ ቴፕ አይደለም።

ሙሴ፦ ሞንታርቦው ማለቴ ነው።

(አልአዛር ሙዚቃውን ያቆመዋል።)

አልአዛር፦ ሞንታርቦ ለሰርግ ድንኳን ነው። ስማኝ፤ ሙዚቃው ታብሌቱ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ሆኖ ነው። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ። ይሄ ሳጥን ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል።

ሙሴ፦ ሳጥኑ ሳይኖር ታብሌቱ አይዘፍንም ነበር?

አልአዛር፦ ይዘፍናል። አጉድሎ ነው የሚዘፍነው።

ሙሴ፦ ምኑን ያጎድላል?

አልአዛር፦ እሱን ነው የማስረዳህ። አሁን ስከፍተው የክራር መቺውን ጥፍር ፈልግ። ጥፍሩ ክሩን ሲጭረው ይሰማሃል ወይ?

(ሙዚቃው እንደገና ይከፈታል።)

ሙሴ፦ ይሰማኛል።

አልአዛር፦ አይሰማህም።

ሙሴ፦ (ጭንቅላቱን እየነቀነቀ) ጭር፣ ጭር ይላል።

አልአዛር፦ እኔ ሁለት ዓመት የሠለጠንኩት ሳይሰማኝ ላንተ እንዴት ይሰማሃል? ችግሩ ይሄ ነው፤ ያልሠለጠነ ጆሮ የሌለውን ይሰማል።

ሙሴ፦ የሠለጠነውስ?

አልአዛር፦ የሠለጠነው የጎደለውን ይሰማል። እኔ አሁን የሚሰማኝ የጥፍሩ አለመኖር ነው። አራተኛው ሳጥን ያንን ጥፍር ያመጣዋል። ለጽጌሬዳ እንዲህ ብለህ ነው የምትነግራት፦ «ጥፍሩ የለም።»

ሙሴ፦ ካለስ?

(አልአዛር ይህን አልሰማም። ዓይኑን ጨፍኗል። ሙሴ ጆሮውን ወደ ቀኙ ስፒከር ጣል ያደርጋል።)

ሙሴ፦ ቀኙ ያፏጫል።

አልአዛር፦ ማንም አላፈጠጠብህም። ጨፍንና አዳምጥ።

ሙሴ፦ ያፏጫል ነው የምልህ። ሲሲሲ ይላል።

አልአዛር፦ እሱን ተወው፤ ጽጌሬዳም ታፈጣለች፣ እኔም አይቻታለሁ። ያልፍላታል።

(ሙሴ ዓይኑን ገልጦ አልአዛርን ያየዋል። በዚህ መሐል የአልአዛር ኮት ኪስ ውስጥ ስልክ ይጮሃል።)

ሙሴ፦ እየጠራ ነው።

አልአዛር፦ (ፈገግ ብሎ፣ እንደጨፈነ) አየህ። ላንተም እየጠራልህ ነው።

ሙሴ፦ ለኔ አይደለም። ላንተ ነው የሚጠራው።

አልአዛር፦ ለኔስ ገና አልጠራልኝም። አራተኛው ሲመጣ ይጠራልኛል።

ሙሴ፦ ስልክህ ነው የሚጠራው።

አልአዛር፦ ስልክ ብቻውን ምን ይጠራል? የሚያጠራው ሳጥኑ ነው።

ሙሴ፦ ላንሳው?

አልአዛር፦ አታንሳው። ድምፁ ልኩ ላይ ነው።

(ስልኩ ይቆማል፤ እንደገና ይጮሃል፤ ይቆማል። ሙሴ በመጨረሻ ተነስቶ ስልኩን ከአልአዛር ኪስ ያወጣና ፊቱ ላይ ይደቅንበታል። ስድስት ያልተመለሱ ጥሪዎች አሉ፤ ሁሉም የሰኢድ።)

አልአዛር፦ ይሄ ኔትወርክ። ስልኩ ሳይጮህ ስድስት ጥሪ ያስመዘግባል።

ሙሴ ወንበሩ ላይ አልተመለሰም። ቆሞ አልአዛርን ከግራ ከቀኝ ያየው ጀመር፤ በሥራ ቦታው ወረፋ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያይ ይመስላል። አልአዛር በልቡ «ገብቶታል» አለ። «ዘግይቶም ቢሆን ሙዚቃው ገብቶታል።»

ሙሴ፦ ጆሮህን ልየው።

አልአዛር፦ ጓሮዬን? ጓሮው ምን ያደርግልሃል?

ሙሴ፦ ጆሮህን።

አልአዛር፦ ግድ የለም፣ ና። ነፋስ ያስፈልግሃል። የመጀመሪያ ቀን እኔንም ራሴን አዙሮኝ ነበር።

(አልአዛር ፊት ፊት እየሄደ በኋላ በር ይወጣሉ። ፀሐይ ነው። ጓሮው ጠባብ ነው።)

አልአዛር፦ ይኸው። ፓፓያ፣ የውሃ ታንከር፣ የልብስ ማስጫ። ሌላ ነገር የለውም።

ሙሴ፦ (በጎኑ ቆሞ፣ አንገቱን እያሰገገ) ጆሮ ነው ያልኩህ።

አልአዛር፦ ዶሮ የለንም። አንዲት ነበረች፣ አምና ታርዳለች።

(ሙሴ የስልኩን መብራት ያበራና የአልአዛርን ጆሮ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ሳብ ያደርገዋል።)

አልአዛር፦ ምን እያደረግክ ነው?

ሙሴ፦ ኩክ ነው።

አልአዛር፦ ጮክ በል።

ሙሴ፦ ኩክ።

አልአዛር፦ እኮ ጮክ በል። ያንተ ችግር ይሄ ነው፤ «ጮክ» የምትለውን እንኳን ሹክ ነው የምትለው።

ሙሴ፦ (ወደ ሌላው ጆሮ ዞሮ) ይሄኛውም ግጥም ብሏል።

አልአዛር፦ ግጥሙ በኋላ ይመጣል። አሁን ዜማው ላይ ነን።

ሙሴ፦ ጠብታ ያስፈልግሃል።

አልአዛር፦ ጠብ? (ቅር ብሎት) በቤቴ ጠርቼህ፣ በወንበሬ አስቀምጬህ፣ ጠብ ትፈልገኛለህ?

ሙሴ፦ ቡሹሎ ና። ማክሰኞ።

አልአዛር፦ ቡችላ ደግሞ ምን ልሁን ብዬ? ሲጮህ ውሎ ሊያድር? ሙዚቃ ያለበት ቤት ቡችላ አይገባም።

ሙሴ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ከታንከሩ ሥር የተጣለ ካርቶን አነሳ። የሦስተኛው ሳጥን ማሸጊያ ነበር። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በትልልቅ ፊደል ጻፈና ሰጠው። ጽሑፉ «ሁለቱም ጆሮህ በኩክ ተደፍኗል» ይላል።

አልአዛር፦ (አንብቦ) አሁን ገና ጥርት አድርገህ ተናገርክ።

ከዚያ ምን እንዳነበበ ገባው። ካርቶኑን ገልብጦ አየው፤ በዚያ በኩል የሳጥኑ ሥዕል እንጂ ሌላ ነገር የለም። መልሶ ገለበጠው። ጽሑፉ አልተለወጠም።

አልአዛር፦ ይሄ ሊሆን አይችልም። የኔን ጆሮ ታውቀዋለህ? ሁልጊዜ ከማዳመጤ በፊት በጥጥ እንጨት ነው የማጸዳው። አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም።

(ሙሴ ካርቶኑን ተቀብሎ ይጽፋል፦ «ጥጡ አያወጣውም። እየገፋ ነው የሚያስገባው።»)

አልአዛር፦ ሱቅ ስሆን ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ማዳመጫ አድርጌ ነው የምውለው። ያ ማዳመጫ ዋጋው ስንት እንደሆነ ብታውቅ፣ ኩክ ራሱ አፍሮ ይወጣ ነበር።

(ሙሴ ይጽፋል፦ «እሱም እንደ ቡሽ ነው። ገፍቶ ይወትፈዋል።»)

አልአዛር፦ እና ሁለት ዓመት ሙሉ…

(አይጨርሰውም። ሙሴ እስክሪብቶውን ይዞ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቦታ ሊያልቅ ነው።)

አልአዛር እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት አላመነም። ለሌላው ጆሮ ይደፈናል፤ ለሠለጠነ ጆሮ አይደፈንም የሚል ነገር ውስጡ ይከራከራል። እሺ ያሰኘው የሙሴ የመጨረሻ መስመር ነው። በካርቶኑ ጥግ ላይ፣ በጠባቧ ቦታ፣ «ጥፍሩ ይሰማህ ይሆናል» ብሎ ጻፈለት። ጥፍሩን ሲያነብ አልአዛር ለስለስ አለ። ለሰኢድ ደውሎ ውሉ እስከ ረቡዕ ይቆይ አለው፤ ሰኢድ ምን እንደመለሰለት ግን በትክክል አልሰማም።

ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ጠብታ አደረገ። ማክሰኞ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ቡሹሎ ሄደ። ሙሴ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ጠበቀው፤ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣለለት፣ ከጆሮው ሥር ሳህን አስያዘው።

ሙሴ፦ (ፊት ለፊቱ ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩ እንዲታይ) ለብ ያለ ውሃ ነው። ካዞረህ ንገረኝ።

አልአዛር፦ ውሃው ተጣርቷል?

ሙሴ፦ ተጣርቷል።

አልአዛር፦ ምክንያቱም የኔ ጆሮ…

(ሙሴ መርፌ የሌለውን ትልቅ ስሪንጅ ይጫነዋል። አልአዛር ፊቱን ያጨማድዳል። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ሳህኑ ውስጥ የሆነ ነገር ዱብ ይላል።)

የዱብታው ድምፅ በአልአዛር የቀኝ ጆሮ ውስጥ ጣሪያ ላይ የወደቀ ድንጋይ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው የራሱ ትንፋሽ ነው። ከዚያ አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሕፃን አስነጠሰው፤ እናቱ በሲዳምኛ ቀስ ብላ አባበለችው። አልአዛር ቃላቱን አንድ በአንድ ለየ። የግራው ሲከፈት ደግሞ ይህ ሁሉ ከሁለት ወገን መጣበት፤ ሳህኑን እንደያዘ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዞረ።

ሙሴ፦ (ከኋላው፣ ዕቃ እያጠበ) አመመህ እንዴ?

አልአዛር፦ አላመመኝም። (ዞሮ) ሙሴ፣ አንተ አታጉተመትምም?

ሙሴ፦ አጉተምትሜ አላውቅም።

አልአዛር፦ ፓስተሩስ?

ሙሴ፦ ፓስተሩማ ይጮሃል። ባለፈው እሁድ ሁለት ሕፃን አስለቅሷል።

(አልአዛር ሳህኑ ውስጥ ያለውን ያየዋል፤ ቶሎ ደግሞ ዓይኑን ያነሳል።)

አልአዛር፦ ይሄን ጽጌሬዳ ማየት የለባትም።

ሙሴ ያን ቀን እስከ ቀትር ብቻ ነበር የሚሠራው። ሁለቱ በአንድ መኪና ወደ ታቦር ተመለሱ። አልአዛር ሞተሩን እንዳስነሳ ከፊት በኩል ቀጭን የሲቃ ድምፅ መጣ።

አልአዛር፦ ይሄ ምንድን ነው?

ሙሴ፦ የሞተሩ ቺንጋ ነው መሰለኝ። ቀበቶው ያለቅሳል።

አልአዛር፦ ከመቼ ጀምሮ?

ሙሴ፦ ከመስቀል።

አልአዛር፦ እኔ ቺንጋ እየሸጥኩ?

ሙሴ፦ ሰፈሩ ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚለው።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሲደርሱ አልአዛር መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ዓሣ ሻጮቹ ይጣራሉ፣ ቢላዋ እንጨት ላይ ይከተክታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ምንቃራቸውን ያንቋቋሉ። የትኛው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከምን ጀርባ እንዳለ ሁሉ ታወቀው። ጥሩ ሳጥን እንዲህ ያደርጋል ተብሎ ሲጻፍ ያነበበው ሁሉ እዚያ ጭቃ ላይ በነጻ ፈሶ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ገና በመጀመሪያው አነሳው። ሰኢድ ነው። አልአዛር መኪናው እንደማይሸጥ ነገረው፤ ይቅርታም ጠየቀው። ሰኢድ ብዙ አልተከፋም፤ «እኔም ቺንጋውን ሰምቼ ሐሳቤን ልለውጥ ነበር» አለ።

ቤት ሲደርሱ አልአዛር በቀጥታ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባ። እጁን ታጠበ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሙሴን ከጎኑ አቆመው፣ ታብሌቱን ነካ።

(ክራሩ እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል። አልአዛር ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል። ሙሴ ተሽቀዳድሞ ያጠፋዋል።)

አልአዛር፦ ይሄን ነው ስታዳምጡ የኖራችሁት?

ሙሴ፦ እኛ አናዳምጥም። ስትከፍተው እንወጣለን።

አልአዛር፦ ቀጭኑን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍ አድርጌዋለሁ። በየወሩ ትንሽ፣ በየወሩ ትንሽ። ቀኙ ደግሞ ያፏጫል።

ሙሴ፦ (በዝግታ) ያፏጫል።

አልአዛር ገመዱን ከታብሌቱ ነቀለው። ሳጥኑም ስፒከሮቹም ዝም አሉ። ከዚያ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብቻውን ከፈተው፤ በዚያች ጥፍር በምታህለው የታብሌቷ ድምፅ ማውጫ። ክራሩ ትንሽ ነበር፣ ሩቅም ነበር። ግን ጭር፣ ጭር ይላል። አልአዛር ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነቃነቀም፤ ሙሴም አንገቱን አላዞረም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ከበሩ በኩል የሴት ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የለዘበ። ጽጌሬዳ በልብስ ሰፊ ሜትር ግድግዳውን እየለካች ገብታለች። እነሱን አታያቸውም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ለራሷ ማውራት የለመደች ትመስላለች።

ጽጌሬዳ፦ በመስኮቱ በኩል ሁለት፣ በዚህ በኩል ሁለት። መቁረጫው ጠረጴዛ መሐል ላይ። ወንበሩ ይወጣል።

አልአዛር፦ ወንበሩ ለምን ይወጣል?

(ሜትሩ ከጽጌሬዳ እጅ ይወድቃል።)

ጽጌሬዳ፦ ሰማኸኝ?

አልአዛር፦ አኩርፈሽ አልነበረም?

ጽጌሬዳ፦ እኔ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳወራህ ነው የኖርኩት። ያኮረፍከው አንተ መስለኸኝ ነበር። ብዙ አውርቼህ «እሺ» ትለኝና ትሄዳለህ።

አልአዛር፦ ምን ብለሽኝ ነው እሺ ያልኩሽ?

ጽጌሬዳ፦ ብዙ ነገር። ይሄን ክፍልማ ሦስቴ ነው የጠየቅኩህ። ለስፌት ልውሰደው ወይ አልኩህ፤ እሺ አልከኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ አግኝቻለሁ፣ አብረውኝ የሚሠሩ ሦስት ሴቶች አሉ አልኩህ፤ እሺ አልከኝ። ማሽኖቹ ነገ ጠዋት ይገባሉ።

(አልአዛር አፉን ይከፍታል። ጽጌሬዳ እጇን ስፖንጁ ላይ ታሳርፋለች።)

ጽጌሬዳ፦ ይሄን ስታለብሰው ምንም አላልከኝም። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። አራት ማሽን ሲሄድ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብለህ ነው ብዬ፣ ያን ቀን ለጓደኛዬ ለመቅደስ ደውዬ፣ «ባሌ አይናገርም እንጂ ያስባል» አልኳት።

አልአዛር ሊናገር ያዘጋጀው ነገር ነበረው። እሺ ያለው ሳይሰማ መሆኑን፣ ስፖንጁ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተለጠፈ፣ ይሄ ክፍል በልኩ የተሠራ መሆኑን ሁሉ በቅደም ተከተል ሊያስረዳት ነበር። ግን ድምፅዋ አሁንም ጆሮው ውስጥ ነበር። ትንሽ ሻከር ይላል፤ «ያስባል» ስትል ደግሞ ወደ መጨረሻው ይሳሳል። ይህን የዛሬ ሁለት ዓመት ያውቀው እንደነበር ማስታወስ አቃተው።

አልአዛር፦ ወንበሩ የት ይሁን?

ጽጌሬዳ፦ ሳሎን። መስኮቱ ጋ።

(አልአዛርና ሙሴ ወንበሩን በሁለት ወገን አንስተው በኮሪደሩ ይዘውት ይወጣሉ። ከባድ ነው፤ መሐል ላይ ያሳርፉታል።)

አልአዛር፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?

ሙሴ፦ ማሽኖቹ እኔ ቤት ናቸው። ከመጡ ወር አልፏቸዋል።

አልአዛር፦ እኔ ላንተ ማን ነኝ? እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አትነግረኝም?

ሙሴ፦ (እንደልማዱ በዝግታ) ነግሬሃለሁ። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ «ዝም በል ሙሴ፣ ባሱን ስማው» አልከኝ።